ሕፃኑን ከጡት የሚለየው ማን ነው?

ፈጣሪ ለፍጥረቱ ሁሉ ምግቡን በየጊዜው የሚያዘጋጅ ስለ ሆነ፥ ሕፃን ገና ከመወለዱ አስቀድሞ ስንቁ በእናቱ ጡት ተሰናድቶ ይቆየዋል። ይህ ስንቅ እሳት አያስፈልገውም፤ ከገበያ አይሸመትም፤ እህል በተወደደበት ዘመንም ዋጋው አይንርም። በድኻው ቤትና በባለጸጋው ቤት ያለው አንድ ዓይነት ነው። ይሁን እንጂ እንዲህ የተመቻቸ ምግብ ሳለ፥ በአገራችን ብዙ ሕፃናት ጊዜያቸው ሳይደርስ ከእርሱ እየተለዩ የስኳር ውኃና የአብሽ ውኃ፥ የላም ወተትና የዱቄት ወተት ይሰጣቸዋል። ዛሬ ስለዚህ ነገር ጥቂት ለመጻፍ ያሰብነው እናቶችን ለመውቀስ አይደለም፤ እናቶችስ ከሚገባው በላይ ተወቅሰዋል። እኛ ልንመረምረው የምንፈልገው፥ ሕፃኑን ከጡት የሚለየው በእውነት ማን እንደ ሆነ ነው።

የሐኪሞቹ ምክር ግልጽ ነው። የዓለም የጤና ጉባኤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. ተሰብስቦ የሰጠው ምክር፥ ሕፃን ከተወለደ ጀምሮ እስከ 6 ወር ድረስ የእናቱን ጡት ብቻ እንዲጠባ፥ ከዚያም በኋላ ተጨማሪ ምግብ እየበላ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ መጥባቱን እንዳይተው ነው። በዚህ ምክር ውስጥ «ብቻ» የሚለው ቃል ተራ ቃል አይደለም። ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ካልሆነ በቀር ውኃም ቢሆን ወደ ሕፃኑ አፍ አይግባ ማለት ነው። በቆላ የሚኖር ሰው «በዚህ ሐሩር ሕፃን ያለ ውኃ እንዴት ይቆያል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ነገር ግን የእናት ወተት ከ100 እጅ 87 ያህሉ ውኃ ስለ ሆነ፥ የሚጠባ ሕፃን ሲርበውም ሲጠማውም መልሱ አንድ ነው። ከወንዝ ወይም ከጉድጓድ የተቀዳው ውኃ ግን ጥማቱን ቢያበርድለት ተቅማጡን ያመጣበታል።

ደግሞም የእናት ወተት ምግብ ብቻ አይደለም። እናቲቱ በዕድሜዋ የታመመችውን በሽታ ለመቋቋም ሰውነቷ ያበጀው መከላከያ በወተቷ ወደ ልጇ ይተላለፋል። ስለዚህ ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን፥ ሕፃናትን አብዝተው ከሚገድሉት ከተቅማጥና ከሳንባ ምች የተሻለ ጥበቃ አለው። ላንሴት የተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት በፈረንጆች አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ፥ ጡት ማጥባት በዓለም ሁሉ እንደሚገባው ቢስፋፋ በያመቱ 823,000 ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን ከሞት ማዳን እንደሚቻል ገምቷል። ይህን ያህል ነፍስ ሊያድን የሚችል መድኃኒት ከባሕር ማዶ መጣ ቢባል፥ እርሱን ለማስመጣት የማይደክም ባለሥልጣን አይገኝም ነበር።

አሁን ደግሞ የአገራችንን ሁኔታ እንመልከት። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፥ ዕድሜያቸው ከ6 ወር በታች ከሆነው 100 ሕፃናት መካከል ጡት ብቻ የሚጠቡት 58 ሆነው ተገኙ። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አነስተኛ ጥናትም ቍጥሩ 59 ሆነ። ይህ ከብዙ አገሮች ጋር ሲነጻጸር የሚያሳፍር አይደለም። ነገር ግን የ2008ቱን ጥናት በወር በወር ለይቶ የተመለከተ ሰው ሌላ ነገር ያያል። ከተወለዱ ሁለት ወር ካልሞላቸው ሕፃናት መካከል ጡት ብቻ የሚጠቡት ከ100 74 ነበሩ፤ ከ2 እስከ 3 ወር በሆናቸው ጊዜ 64 ሆኑ፤ ከ4 እስከ 5 ወር በሆናቸው ጊዜ ግን ወደ 36 ወረዱ። እንግዲህ ይህ ቍልቍለት የሚበረታው ሕፃኑ አራተኛውን ወር ሲይዝ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

ምክንያቶቹን ከመጀመሪያው ብንጀምር፥ አንዳንዱ ሕፃን ገና በተወለደበት ሰዓት የእናቱን ጡት ሳይቀምስ ቅቤ ይልሳል፤ ወይም የስኳር ውኃ ይጠጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወጣው ወፍራምና ቢጫ ወተት፥ እርሱም እንገሩ፥ «ቆሻሻ ነው፤ ሆድ ያሳምማል» ተብሎ ታልቦ የሚደፋበት ቤት አለ። ይህ ነገር እጅግ ያስደንቃል። ከብት ያረባ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ጥጃ የእናቱን እንገር ካልጠባ አይጠነክርም። ገበሬው ለጥጃው የማይነፍገውን ለገዛ ልጁ ስለምን ይነፍገዋል? ሐኪሞች እንደሚያስረዱት በሽታን የሚከላከለው ኃይል አብዝቶ የሚገኘው በዚሁ እንገር ውስጥ ነው። ይህን የሚያስደፉት አብዛኛውን ጊዜ በዙሪያዋ ያሉት አሮጊቶች እንጂ ከምጥ የተነሣችው ወላድ አይደለችም፤ እነርሱም የሚያደርጉት ከእናቶቻቸው የተቀበሉትን ነው እንጂ በክፋት አይደለም። ስለዚህ ምክር የሚያስፈልገው ለወላዲቱ ብቻ ሳይሆን ለአያቲቱም ነው።

ሁለተኛውና ከሁሉ የበዛው ምክንያት «ወተቴ አነሰኝ» የሚለው ነው። ሕፃኑ ሲያለቅስ ጎረቤት ሁሉ «ርቦት ነው» ይላል፤ እናቲቱም ትደነግጣለች። ሕፃን ግን በርዶት፥ ሙቀት በዝቶበት፥ ወይም መታቀፍ ፈልጎ ያለቅሳል። ደግሞ የጡት ወተት እንደ ጋን ጠላ ተቀድቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ እንደ ምንጭ ነው እንጂ። ሕፃኑ በጠባ ቍጥር ሰውነቷ ወተት እንዲያበጅ ይታዘዛል፤ መጥባቱን ባሳነሰ ቍጥር ደግሞ ትእዛዙ ይቀንሳል። «አነሰ» ተብሎ ጡጦ የተሰጠው ሕፃን በጡጦው ጠግቦ ይተኛል፤ የእናቱንም ጡት ሳይጠባ ይውላል፤ ወተቱም ያን ጊዜ በእውነት ያንሳል። እንዲህ ሆኖ ያልነበረው ችግር በመድኃኒቱ ተፈጠረ ማለት ነው። ሕፃኑ የሚበቃውን እያገኘ መሆኑ የሚታወቀው በልቅሶው ሳይሆን፥ ክብደቱ በየጊዜው በመጨመሩና በቀን ውስጥ ደጋግሞ በመሽናቱ ነው። ይህንንም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መዝና ልታስረዳ ትችላለች።

ጡቷ ቆስሎ ወይም አብጦ ከሕመሙ ብዛት የምትተወውም አለች። የዚህ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ሕፃኑ ጫፉን ብቻ ይዞ መጥባቱ ሲሆን፥ አፉን በሰፊው ከፍቶ እንዲይዝ የሚያሳያት አዋላጅ ብታገኝ ፈጥኖ ይቃለልላት ነበር። ሌላይቱ ደግሞ እንደገና ስታረግዝ ወተቱ ሕፃኑን ይጎዳዋል ብላ ታቋርጣለች። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የወር አበባዋ ሳይመለስ፥ ሕፃኑን ቀንና ሌሊት ጡት ብቻ የምታጠባ እናት፥ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ውስጥ የማርገዟ ነገር ከ100 ከ2 እንደማይበልጥ በሊቃውንት ተረጋግጧል። እንግዲህ ሕፃኑን ቀድሞ ከጡት መለየት ሌላውን እርግዝና ያፋጥናል እንጂ አያርቅም።

የሚሠራው ሁሉ ግን በእውቀት ማነስ ብቻ የሚሠራ አይደለም፤ ምክሩን አሳምራ እያወቀች ልጇን ከጡት የምትለይ እናት ብዙ ናት። ይህን በምሳሌ እናስረዳ። በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሓፊነት የምትሠራ ሴት መስከረም 1 ቀን ወለደች እንበል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 ከወሊድ በፊት 30 ቀን፥ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ዕረፍት ከደመወዝ ጋር ወስኗል። ይህም በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ከነበረው አዋጅ ቍጥር 377 ጋር ሲነጻጸር፥ ከወሊድ በኋላ ያለውን ዕረፍት በ30 ቀን ያራዘመ ስለ ሆነ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን 90ው ቀን ኅዳር 30 ይፈጸማል፤ ሐኪሙ ያዘዘው 6 ወር የሚፈጸመው ደግሞ የካቲት 30 ነው። ታኅሣሥ፥ ጥርና የካቲት የማን ናቸው? በአንድ እጃችን 90 ቀን ሰጥተን በሌላው እጃችን 180 ቀን የምንጠይቅ ከሆነ፥ ሒሳቡን ያበላሸነው እኛ ነን እንጂ እናቲቱ አይደለችም። እርሷማ ታኅሣሥ 1 ቀን ማለዳ ሕፃኑን ለሞግዚት ትታ፥ ጡቷ እየሞላ እየፈሰሰባት በጽሕፈት ጠረጴዛ ፊት ትቀመጣለች፤ የምትሸሸግበት ክፍል ስለሌላትም በሻሽዋ ትሸፍነዋለች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ወተቱ ይደርቃል። ጎረቤቷም «ጡት አስጣለችው» ይሏታል።

የገበሬ ሚስት፥ የጉሊት ነጋዴና የቀን ሠራተኛ የሆነችው ደግሞ ይህ 90 ቀን እንኳ የላትም። የእርሷ ዕረፍት የአራስነቷ ወራት ብቻ ነው። አባቶቻችን ለአራሲቱ ገንፎና አጥሚት እየሰጡ፥ ሥራም ሳያዝዙ ክርስትናው እስኪደርስ በቤት ማቆየታቸው ትልቅ ጥበብ እንደ ነበር አሁን ይታወቃል። ነገር ግን ያ ጊዜ ሲያልፍ ውኃው፥ እንጨቱና አረሙ ይጠሯታል፤ ሕፃኑም በታላቅ እኅቱ ጀርባ ታዝሎ በቤት ይቀራል፤ እናቱ እስክትመለስም የላም ወተት በውኃ ቀጥና ታጠጣዋለች። ከላይ ልብ ይበሉልን ያልነው የአራተኛው ወር ቍልቍለት አንዱ ትልቁ ምክንያት ይህ ይመስለናል፤ ሥራ በከተማም በገጠርም እናቲቱን የሚጠራት በዚያው ሰሞን ነውና።

የዱቄት ወተት የሚገባውም በዚህ ክፍተት ነው። ጣሳው ውድ ስለ ሆነ ድኻይቱ እንዲበረክትላት ውኃ ታበዛበታለች፤ ሕፃኑም ሆዱ ሞልቶ ሰውነቱ ይከሳል። ጡጦውም በሚገባ ካልተቀቀለ የበሽታ መኖሪያ ይሆናል። የዓለም የጤና ጉባኤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1981 ዓ.ም. ስለ ጡት ወተት ምትክ ሽያጭ ደንብ ሲያወጣ 118 አገሮች ደግፈውት የተቃወመው 1 ብቻ ነበር። በዚህ ደንብ መሠረት ነጋዴ ለእናቶች ነጻ ናሙና መስጠት፥ ምርቱንም ለሕዝብ ማስተዋወቅ አይገባውም። እናት የሌለው ሕፃን ወይም እናቱ በብርቱ ሕመም የተያዘችበት ሕፃን በሐኪም ምክር ይህን ወተት ቢያገኝ ተገቢ ነው፤ ጤነኛይቱን እናት በማስታወቂያ ማስጠርጠር ግን የሕፃን ምግብ መንጠቅ ነው።

ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን እንደሚያውቁት ይህ ጕዳይ አዲስ አይደለም። የሳሙኤል እናት ሐና ቤተ ሰቡ በየዓመቱ ለመሥዋዕት ወደ ሴሎ ሲወጣ፥ ልጇን ጡት እስክታስጥል ድረስ አልወጣም ብላ በቤቷ ቀረች፤ ባሏ ሕልቃናም መልካም መስሎ የታየሽን አድርጊ ብሎ ፈቀደላት። የእግዚአብሔር ቤት መንገድ እንኳ የቆየላት ይህች አጥቢ እናት ከሆነች፥ የመሥሪያ ቤት መዝገብ ስለምን አይቆይም? የፈርዖን ልጅም ሙሴን ከወንዝ ባገኘችው ጊዜ ለምታጠባው ሴት ደመወዝ ቈረጠችላት፤ ያችውም ሳታውቃት የሕፃኑ የገዛ እናት ነበረች። እንግዲህ ለምታጠባ እናት ደመወዝ መክፈል ዛሬ በአዋጅ የተፈጠረ ነገር ሳይሆን፥ በባዕድ ቤተ መንግሥት እንኳ ጥንት የታወቀ ነው።

ምን እናድርግ ለሚል አንባቢ፥ በመጀመሪያ ወደ ሹማምንቱ እንመለሳለን። የወሊድ ዕረፍት የሚያንሰውን የ3 ወር ክፍተት ለመሙላት ሕግ እስኪሻሻል መጠበቅ አያስፈልግም። በአዋጅ 1156 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት ቢያንስ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ተወስኗል፤ ይህን ከወሊድ ዕረፍቷ ጋር አያይዛ እንድትወስድ አለቃዋ ቢፈቅድላት ምን ይጎድለዋል? በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቍጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር። ይህን ፈጽመው የሠሩ እንዳሉ እናውቃለን፤ ሌሎች ግን «ቦታ የለም» ይላሉ። ለአሮጌ ወንበርና ለተጣለ መዝገብ ክፍል ያላጣ መሥሪያ ቤት ለሕፃን ያጣል ብለን ለማመን ይቸግረናል። ማቆያ ለማቋቋም አቅም ያጣው እንኳ በሯ የምትዘጋ አንዲት ንጹሕ ክፍል፥ አንድ ወንበርና የእጅ መታጠቢያ ውኃ ሊያዘጋጅ ይችላል። እናቲቱ በዚያ ወተቷን በንጹሕና ክዳን ባለው ዕቃ አልባ፥ ቀዝቃዛ ስፍራ አኑራ ወደ ቤቷ ብትወስድ ሕፃኑ በኩባያና በማንኪያ ይመገበዋል፤ ወተቷም አይደርቅም።

«የሴቶች ዕረፍት ቢረዝም አሠሪዎች ሴት መቅጠር ይሸሻሉ» የሚል ክርክር አለ። ይህ ክርክር በንቀት የሚታለፍ አይደለም፤ ወጪው በአንድ አሠሪ ላይ ብቻ ሲወድቅ እንዲህ ያለ ፍርሃት መምጣቱ የማይቀር ነው። መፍትሔው ግን ዕረፍቱን ማሳጠር ሳይሆን ሸክሙን ማካፈል ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት በፈረንጆች አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. ስለ ወላዶች ጥበቃ ባወጣው ስምምነት ቍጥር 183፥ የወሊድ ዕረፍት ክፍያ ከማኅበራዊ መድን ወይም ከሕዝብ ገንዘብ እንዲወጣ እንጂ በአሠሪው ብቻ ላይ እንዳይጫን ይመክራል። የማጥቢያው ጊዜም እንደ ሥራ ሰዓት ተቆጥሮ ደመወዝ እንዲከፈልበት ይላል። የአገራችን ሕግ አውጪዎች አዋጁን እንደገና በሚመለከቱበት ጊዜ ይህን አሳብ እንዲመረምሩት እናሳስባለን።

ወደ ካህናቱ ስንመለስ፥ እነርሱ የያዙት ጊዜ ለማንም ያልተሰጠ ጊዜ መሆኑን እናስታውሳቸዋለን። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፥ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ለክርስትና ትቀርባለች፤ ሁለቱም ከአራተኛው ወር በፊት ናቸው። በዚያን ቀን እናቲቱ፥ አባትየው፥ አያቲቱና የክርስትና አባት ወይም እናት በአንድነት በቤተ ክርስቲያን ይገኛሉ። ካህኑ በዚያች ቀን ስለ ሕፃኑ ነፍስ ከሚሰጠው ትምህርት ጋር «እስከ 6 ወር ድረስ የእናቱን ጡት ብቻ ስጡት፤ እናቲቱንም ከከባድ ሥራ አሳርፏት» ብሎ አንድ ቃል ቢጨምር፥ ያ ቃል ከብዙ ወረቀት ይልቅ ይሰማል። ሕፃኑ ሥጋ ወደሙ መቀበሉን አንዳንዶች ከዚህ ምክር ጋር የሚጋጭ አስመስለው ይጠይቃሉ፤ ሐኪሙ የሚናገረው ግን ስለ ዕለት ምግብና መጠጥ ስለ ሆነ የሚያከራክር ነገር የለበትም።

ስለ ጾምም አንድ ነገር እንናገር። የምታጠባ እናት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳትቀምስ ውላ፥ «ወተቴ ደረቀ» ብላ ሕፃኑን ወደ ጡጦ የምትመልስበት ጊዜ አለ። ራሷን ትጎዳለች፤ ነገር ግን ከፍርሃት የተነሣ የነፍስ አባቷን ለመጠየቅ አትደፍርም። የነፍስ አባት ግን እንደየአቅሟ የማዘዝ ሥልጣን ስላለው፥ እርሷ እስክትጠይቀው ሳይቆይ ቀድሞ ቢነግራት ሁለት ነፍስ ይጠብቃል። የምታጠባ ሴት ደኅና አድርጋ መብላትና ውኃ አብዝታ መጠጣት እንደሚያስፈልጋት ባሏም ከካህኑ አፍ ይስማ።

ይህን ስንል የማይቻላትን እናት ለማሳፈር እንዳልሆነ ይታወቅልን። ሕመም ያለባት የሐኪሟን ምክር ትከተል። የኤች አይ ቪ ሕመምተኛ የሆነች እናት እንኳ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ በሐኪም ክትትል ብታጠባ እንደሚሻል፥ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ጡትና ሌላ ምግብ መቀላቀሉ ግን አደጋውን እንደሚያበዛው ተገልጿል። ደግሞም 6 ወር ሲሞላ ጡት ብቻውን እንደማይበቃ አይዘነጋ፤ ያን ጊዜ ወፈር ያለ ገንፎ፥ የተፈጨ አተርና ባቄላ፥ እንቍላልና አትክልት ከጡቱ ጋር ሊጨመርለት ይገባል። ቀድሞ መስጠት እንደሚጎዳ ሁሉ አዘግይቶ መስጠትም ይጎዳል።

እንግዲህ በመጀመሪያ ወዳነሣነው ጥያቄ ስንመለስ፥ ሕፃኑን ከጡት የሚለየው እናቱ ብቻ አለመሆኗ ተገልጿል። እንገሩን የምታስደፋው አሮጊት፥ ሚስቱ እንጨት ተሸክማ ስትመጣ ተቀምጦ የሚያይ ባል፥ ክፍል የለንም የሚል ሹም፥ በማስታወቂያ የሚያስፈራራ ነጋዴ፥ ቃል መናገር ሲችል ዝም የሚል መምህር፥ ሁላቸውም በዚያች ትንሽ አፍና በጡቱ መካከል ቆመዋል። ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ባለሥልጣን ነገ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሲገባ ከበታቹ ካሉት ሴቶች መካከል የምታጠባ እንዳለች ይጠይቅ፤ ካለችም ወተቷን የምታልብበት ስፍራ እንዳላት ይመልከት። ካህኑም በሚመጣው ክርስትና ላይ ያችን አንድ ቃል ይጨምር። ከመካከሉ ገለል ብንልለት ሕፃኑ ስንቁን ራሱ ያገኘዋል።